የኋላ ቀኝ ወንበር

ታምኑኛላችሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ሌላ ሰው ቢጽፈው እኔም «ይሄ ደግሞ ምን ይቀባጥራል» ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል።

በጨለማ እንዳይመስላችሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መካነ ሰላም ለመግባት ጥቂት ሲቀረን፣ አቧራማው መንገድ ላይ።

በእውቀቱ እባላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገሉ የቅንጦት መኪኖች የሚሸጡበት ቤት ሻጭ ነኝ። ሥራዬ መኪና ማሞገስ ነው። «ወንበሯ ያሞቃል፣ ማን የት እንደተቀመጠ ታውቃለች፣ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ካለ ትጮህበታለች» እያልኩ ስለፈልፍ እውላለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ማን የት እንደተቀመጠ ታውቃለች» የምትለዋን ትቻታለሁ።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ አጎቴ አሳምነው ደወሉልኝ።

«በእውቀቱ... ብቻህን ነህ?» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ብቻዬን ነኝ።»

«አባትህ አረፈ። ለሉሊት እንዳትነግራት። 'ትንሽ አሞታል' በላትና ይዘሃት ና። እኛ እናረዳታለን።»

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው። «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ስንቱ ሰው ወደ ቀብር እንደተሳፈረ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሉሊት ታናሽ እህቴ ናት። እናታችን የሞተች ጊዜ አልደረሰችም፤ ስትመጣ አፈር ተመልሶ ጠበቃት። ፊቷን ስላላየች አላመነችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ ለገበያ እናቷን ስትፈልግ ኖረች። የማታውቃቸውን ሴቶች ከኋላ ነጠላቸውን ይዛ ታስቆማቸው ነበር። ከዚያ የተመለሰችው በስንት ጸበልና በስንት ልመና ነው። አሁን ደግሞ ከተደገመ የምናጣት ለዘለዓለም እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አጎቴም ያውቁታል። «ፊቱን ሳንገንዝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቃችኋለን» አሉኝ። «ከዚያ በላይ ቄሶቹ እሺ አይሉም። የአባትህንም ስልክ አጥፍቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ደውላ ልቅሶ እንዳትሰማ ብዬ ነው።»

አለቃዬ ራሄል ጉዳዩን ስነግራት ሳታቅማማ የአንዷን መኪና ቁልፍ ሰጠችኝ። የጀርመን ሥሪት ናት። ፊቷ እንደ ቤት መኪና ዝቅ ያለ፣ ኋላዋ እንደ ስቴሽን ረዘም ያለ። ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት አላት። ከቆመችበት ተነስታ መቶ ለመግባት አራት ሰከንድ አይፈጅባትም። ንዝረት የሚውጠው አሞርዛተሯ በአየር ነው፤ አራቱም ጎማዋ ይስባል።

ከዚህች የሚፈጥን ምን አለ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ወጣን። አስፋልቱ ላይ መኪናዋ ውሃ ሆና ፈሰሰች። ሉሊት ከጎኔ ተቀምጣ ለአባታችን የገዛችውን ጋቢ ጉልበቷ ላይ ታቅፋለች።

«ሐኪም ቤት ወስደውታል?»

«ወስደውታል።»

«ምን አሉት?»

«ብርድ ነው አሉ። ትንሽ ነው።»

እየዋሸሁ እንባዬን ወደ ውስጥ እውጣለሁ። አባቴ እኮ ነው የሞተው። ለእኔ ማን ያልቅስልኝ?

ወረኢሉን ያለፍነው ረፋድ ላይ ነው። ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን...

ጢን... ጢን... ጢን...

ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ ምልክት በራ። የኋላ ቀኝ ወንበር። ቀበቶ ያላሰረ ሰው አለ ትላለች።

«ማነው ያላሰረው?» አለች ሉሊት ዞራ እያየች።

ማንም የለም። ዕቃም የለም። ሻንጣችን ከመጨረሻው መጫኛ ላይ ነው፤ ጋቢውም እሷ ጉልበት ላይ።

«አቧራ ገብቶባት ነው» አልኩ።

ሉሊት ሳቀችና ወደ ኋላ ተንጠራርታ የባዶውን ወንበር ቀበቶ አሰረችው። ጩኸቱ ቆመ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የዚያው ወንበር ማሞቂያ በራ። ሦስቱም ቀይ መስመሮች፤ የመጨረሻው ሙቀት። በዚያ ፀሐይ እኔ በሸሚዝ ላብ በላብ ሆኛለሁ። አጠፋሁት።

በራ።

አጠፋሁት።

በራ።

ሉሊት እንዳታይ ስክሪኑን ወደ ካርታው ቀየርኩት።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ስለታም ድንጋይ ጎማችንን በላው። እዚህ ላይ የሽያጭ ሠራተኛ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። እንዲህ ያሉ መኪኖች ትርፍ ጎማ የላቸውም። ክብደት እንዳይበዛባቸው ተብሎ በምትኩ አንድ ጠርሙስ አረፋ ይሰጧችኋል። አረፋውን ጨመርኩት፤ በቀዳዳው ተመልሶ አቧራው ላይ ፈሰሰ።

ሉሊት ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጣች። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ሃያ ደቂቃ... አርባ ደቂቃ... መኪና የለም።

በመጨረሻ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ አህመድ እባላለሁ አለኝ።

«አብሽር ወንድሜ፣ ይሄማ ምን አላት» ብሎ ክሪኩን ይዞ ወረደ። ከመኪናዋ ሥር ሊያስገባው ጎንበስ አለና መልሶ ቀና አለ።

«አባባን አውርዳቸው እንጂ። ሰው ተቀምጦ መኪና አይሰቀልም።»

«የቱን አባባ?»

«እሳቸውን ነዋ» አለና በኋላ ቀኝ መስኮት በኩል ተጠጋ። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ እያየ ድምፁን አለሰለሰ። «አባባ፣ አፊያ ነው? ደክሞዎት ነው?»

መልስ ጠበቀ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ ተለዋውጧል። እንዲወርዱ ደግሞ አልጠየቀም። ቀዳዳውን ወትፎ፣ ከራሱ መኪና አየር ሞልቶልን፣ ዕቃውን ሰበሰበ።

ሊሄድ ሲል ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አላህ ያጽናችሁ» አለኝ።

ስለ ቀብር አልነገርኩትም።

ሉሊት ከጉብታው ተመልሳ ገባች፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መኪናዋን ወደ ስፖርት ቀይሬ ረገጥኳት። በዚያ ጠጠር ላይ መቶ... መቶ ሃያ... መንገዱ የሚያስሄደው አርባ ቢሆን ነው። በየጉድጓዱ ሆዷ ይፋጫል። እኔ የማስበው የአባቴን ፊት ነው። ክፍት ሆኖ ሲጠብቃት።

«አባዬ ጋ ልደውል» አለች ሉሊት። ስልኳ ከመኪናዋ ጋር ተያይዟል።

«ተይው፣ ተኝቶ ይሆናል።»

«ድምፁን ብቻ ልስማ።»

ደወለች። እኔ ተረጋግቻለሁ፤ ስልኩ ጠፍቶ አጎቴ ኪስ ውስጥ ነው። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ሴትዮ እየጠበቅኩ ነው።

ጠራ።

አንዴ... ሁለቴ...

ተነሳ።

«ሉሊት» አለ አባቴ።

መኪናዋ አስራ ስድስት ስፒከር አላት። ድምፁ የወጣው ከአንዱ ብቻ ነው። ከኋላ ቀኝ።

«አባዬ... እንዴት ሆንክልኝ?»

«ትንሽ አሞኝ ነበር። አሁን ሞቀኝ።»

እህቴ በደስታ አለቀሰች።

«በእውቀቱን ቀስ በል በይው» አለ። «መንገዱ ወገቤን ጨረሰው።»

ሉሊት በእንባዋ መሃል ሳቀች። «የምን መንገድ አባዬ? አልጋ ላይ ሆነህ?»

ሲተነፍስ ይሰማናል።

እውነቱን ልናገር። ልቤ ለአንድ አፍታ ደስ አለው። አልሞተም ይሆናል... አጎቴ ተሳስተው ይሆናል... ሞተ ተብሎ የነቃም እኮ አለ... እንዲህ እያልኩ ይበልጥ ረገጥኩ። ወደ ኋላ የሚያሳየውን ስፖኪዮ ግን አላየሁም። ማየት አልቻልኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን መታጠፊያውን ዞርን።

ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ይመጣል። ነጭ በነጭ ነው። ከፊት የቄሶቹ ጥላ፣ ከመሃል በአራት ሰው ትከሻ ላይ ቃሬዛ። እንደ ማንኛውም ሬሳ በባዶ እግሩ ተገንዟል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው፣ ፊቱን ሸፍነው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መውጣታቸው ነው።

ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት ይዤ በሩብ ሰዓት ተቀደምኩ።

ሬሳ ሲያልፍ መኪና ይቆማል። አቆምኩ፣ ሞተሩንም አጠፋሁ። ሉሊት አማተበች።

«ነፍስ ይማር» አለች። «የማን ይሆን?»

ዓይኔን ከቃሬዛው አላነሳሁም።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

«ማነው የሞተው?» አለ አባቴ።

«እንጃ አባዬ፣ ገና እየገባን ነው። መጣንልህ።»

«በእውቀቱ... አንተ ታውቃለህ አይደል?»

አሁን ድምፁ ከስፒከሩ አልነበረም። ከአንገቴ ኋላ ነበር።

ሁላችንም ከሉሊት ስንደብቅ ነው የዋልነው። ለእሱ መንገር እንዳለብን ማናችንም አላሰብንም።

አጎቴ አሳምነው ከሰልፉ ወጥተው ወደ መኪናዋ መጡ። ወደ እኔ አይደለም የመጡት፤ ወደ ሉሊትም አይደለም። የኋላውን ቀኝ በር ከፈቱ። ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ዘረጉ፣ ሽማግሌ ደግፎ እንደሚያወርድ ሰው።

«ቀስ ብለህ...» አሉ። «ቀስ ብለህ ውረድ።»

ያን ጊዜ ዞርኩ። ያየሁት ባዶ ወንበር ነው። እምላለሁ፣ ባዶ ነበር። ሉሊት ግን እስከ ዛሬ አባቷ መቀበሩን አላመነችም፤ ከእንግዲህም የሚያሳምናት የለም።

ቃሬዛውን የተሸከሙት አራት ሰዎች መንገዱ መሃል አወረዱትና ቆሙ። የሚያለቅስ አልነበረም። ይጠብቁ ነበር።

ሉሊት ወደ ተከፈተው በር እያየች ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ።

«አባዬ...» አለች በሹክሹክታ። «ጫማህስ?»