ቤካ ያጠፋው መርዶ

እኔ ቁጡ ነኝ። አባቴ ሚደቅሳ «ኢሊሊ፣ አንቺን የሚያገባ ሰው የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሆን አለበት» ይለኝ ነበር። ያገኘሁት ግን የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ እሱንም አባቴ ሳያየው ቀረ። የምናደደውም በዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. በእድራችን ነው። የድሮው ሰፈር ሲፈርስ ግማሾቻችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ሌላው ጀሞ፣ አብነት፣ ጠመንጃ ያዥ ተበተነ። እድሩ ግን አልተበተነም። ትልልቆቹ ልጆቻቸው በጫኑላቸው ቫይበር ይመክራሉ፤ እኛ ወጣቶቹ ቴሌግራም ላይ ነን። እነሱ የተነጋገሩትን የምንሰማው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ እያለ የጎረቤቴ ቀብር እንኳ አመለጠኝ።

በዚህ ተቃጥዬ ስብሰባ ላይ ስጮህ ከኋላ አንድ ቀጭን ወጣት እጁን አወጣ።

«ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል» አለ። «እዚያ የተጻፈውን እዚህ፣ እዚህ የተጻፈውን እዚያ የሚያደርስ ፕሮግራም እሠራለሁ። ድልድይ በሉት።»

ቤካ ይባላል። አብነት ጠባብ የጥገና ቤት አለችው። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ከጎኑ እቀመጥ ነበር፤ ሥራውን ልቆጣጠር ነው እያልኩ።

«የትልልቆቹን መልእክት እኔ እያየሁ ላሳልፈው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ማን ሾመህ? ሁሉም ይለፍ። እኔ የማውቀውን ነገር ሰው እንዲመርጥልኝ አልፈልግም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ፣ ሁሉም ይለፍ» አለ። ፕሮግራሙ አልቆ ሥራ ከጀመረም በኋላ እኔ መሄዴን አልተውኩም።

አባቴ ለዘመድ ሰርግ አምቦ ሄዶ ነበር፤ ቅዳሜ ሊመለስ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ቤካ ቢሮዬ በር ላይ ቆሟል። እዚያ መጥቶ አያውቅም። ፊቱ ገርጥቷል፤ ድካም መሰለኝ። ሰፈር ገብተን ሻይና ሳምቡሳ አዘዝን።

«ቅዳሜ አባዬ ሲመጣ ስላንተ እነግረዋለሁ» አልኩት።

ሳምቡሳውን ወደ እኔ ገፋው።

«ፈራህ እንዴ?»

«አልፈራሁም።»

«መጀመሪያ ይቆጣል። የተበላሸ ሬዲዮ አለው፤ እሱን ከሠራህለት አለቀ፣ ልጁ ነህ።»

«እሠራላቸዋለሁ» አለ። ሳቀም። ሻዩን ግን አልነካውም፤ ፊት ለፊቱ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ቤት ስገባ አክስቴ አያንቱ ሳትጠራ መጥታ አገኘኋት። «ናፍቀሽኝ ነው» ብላ አደረች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ኃይለሚካኤል ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ ቆመዋል። መናገር አላስፈለጋቸውም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ኃይለሚካኤል ቤካን ጠርተው መረቁት።

«ተባረክ ልጄ። እኛማ ኢሊሊ እንዳትሰማ ብለን ቫይበሩ ላይ ስንማከር፣ ለካ በድልድዩ ወደ እሷው እየሄደ ነው። ይሄ ልጅ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት አይቶ ባያጠፋው ኖሮ መርዶዋን በስልክ ታነበው ነበር።»

ሁሉም አሜን አሉ። እኔ ሰዓቱን አሰብኩ። ሻይ ያዘዝነው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው።

ከድንኳኑ ጀርባ ያዝኩት።

«እያወቅህ ነው የሳቅኸው?»

«አዎ።»

«ሬዲዮውን እሠራላቸዋለሁ ስትለኝ አባቴ ሞቷል።»

«አዎ።»

«ሁሉም ይለፍ አላልኩህም?»

«ብለሻል። ቢሮ ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ ስታነቢው ታየኝና እጄ እምቢ አለ። አንድ ማታ እንኳ አባት ይኑርሽ ብዬ ነው።»

«ማን ለመነህ? ሰው ሁሉ የኔን ሐዘን ሲያውቅ እኔ ሳምቡሳ እየበላሁ ሬዲዮ አወራለሁ። እንደ ሞኝ አስቀመጥከኝ። ሁለተኛ እንዳታናግረኝ።»

አርባው እስኪወጣ አላናገርኩትም። በየቀኑ መጥቶ አግዳሚ ወንበር ይደረድራል፣ እጅ ያስታጥባል፣ ይሄዳል። በአጠገቡ ሳልፍ ያየኛል፤ እኔ አላየውም። እሱን አለማየትም አድካሚ ነው።

ከአርባው በኋላ ራሴ ጥገና ቤቱ ሄድኩ።

«ማልልኝ» አልኩት። «ሌላ ጊዜ ብታውቅ፣ ማንም ይከልክልህ ማን፣ ትነግረኛለህ።»

«ሽማግሌዎቹ ከእድሩ ያስወጡኛል።»

«ያስወጡህ።»

ማለልኝ። «ለኔ ግን አትንገሪኝ» አለ። «የእናቴ ቀን ሲመጣ እንደ ወጉ ይሁን። እስኪነጋ ከኔ ጋር ሁኚ።»

በዓመቱ አክስቴ አያንቱ ሆስፒታል ገብታ አረፈች። ሽማግሌዎቹ ቤካን ጠርተው አፍህን ያዝ አሉት። እሱ ቀጥ ብሎ ቢሮዬ መጣ፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«ኢሊሊ፣ አክስትሽ አርፈዋል። ነገ ንጋት ሊነግሩሽ ነው። እኔ ምዬልሻለሁ።»

ደረቱን እየደበደብኩ አለቀስኩ። ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ኃይለሚካኤል ስድ አሉት፤ ሰላምታም ነሱት። ሠርጋችን ላይ የመጡትም አኩርፈው ነው።

እናቱ ያረፉት ባለፈው ጥቅምት ነው። ዘመዶቹ በስልክ የነገሩኝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ከሥራ ስወጣ ጥገና ቤቱ ሄድኩና ሻይ አዘዝኩ። እናቱ ለበዓል የገዛላቸውን ጫማ ጠበበኝ ብለው እንዳስመለሱት አወራኝ። ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም። ያን ሐሙስ ማታ ከፊቴ ተቀምጦ ምን ችሎ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ ንዴቴ ግን አሁንም አለ።

ቤካ ወሬውን አቋረጠ። ያልነካሁት ሻይ ፊት ለፊቴ ቀዝቅዟል። ሻዩን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።

አልጠየቀኝም። እጄን ያዘ፤ እስኪነጋም አልለቀቀኝም።