የቀትር ፍላሽ

ከሚሴ ውስጥ ወንድ ፎቶ አንሺ ሙሽሪት ካለችበት የሴቶች ቤት አይገባም። ስለዚህ በየሰርጉ የሥራ ጓደኛዬ ኸይረዲን ዳስ ውስጥ ወንዶቹን ያነሳል፣ እኔ ዓፊያ ደግሞ ሴቶቹን። ሁለት ዓመት እንዲህ ስንሠራ ካሜራችን ሁለት፣ ፍላሻችን ግን አንድ ነበር። እሱም እኔ ዘንድ ነው የሚውለው፤ የሴቶቹ ቤት መጋረጃው ስለሚዘጋ ይጨልማላ።

ኸይረዲንን እወደዋለሁ። እሱም እንደሚወደኝ ከአስተያየቱ አውቅ ነበር፤ ከአፉ ግን አንዲት ቃል አልወጣችም።

አንድ ሰኞ መጣና፣

«ዓፊያ፣ ፍላሹን ለሦስት ቀን ታውሺኛለሽ?» አለኝ።

«የማን ሰርግ አለ?»

«ሰርግ አይደለም። ጨፋ ረግረጉ ላይ የሚበሩ ወፎች ላነሳ ነው። ሳሚያ ለጥናቷ ፈልጋ ነው።»

ሳሚያ ስለ ወፍ ልታጠና ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት። ቁመቷ፣ ጥርሷ፣ ሳቋ፤ አላህ ምንም አላጎደለባትም።

«ሲመሽ ነው የምታነሱት?»

«ኧረ በቀን! ቀትር ላይ።»

በቀትር ፀሐይ ፍላሽ! እኔ የማውቀው ፍላሽ ለጨለማ ቤት ነው። ጨለማ ቤት ደግሞ ከማን ጋር? ፈገግ ብዬ ሰጠሁት። ባትሪውን እንኳ ሞልቼ ነው የሰጠሁት፣ እኔ ሞኟ!

በማግስቱ ጎረቤታችን ዙቤይዳ፣ «ኸይረዲንና ያቺ እንግዳ ባጃጅ ውስጥ ሲሳሳቁ አየኋቸው» ብላ ጨመረችልኝ።

ያን ሰሞን ሙህዲን የሚባል የባቲ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ መልሴን ይጠብቁ ነበር። ስለ ሙህዲን ክፉ የሚያወራ የለም። እኔም ክፉ አላውቅበትም፤ ፍቅሩ ግን የለኝም።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ምን ልበላቸው?» አሉኝ አባቴ።

«እሺ በሏቸው» አልኩ። የተናገረው ቅናቴ ነበር። አባቴ ግን ደስ ብሏቸው እዚያው ደወሉ።

በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝ። ጉዳቸውን በዓይኔ አይቼ ልረፍ ብዬ ወደ ጨፋ ሄድኩ።

ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ኸይረዲን ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ሳሚያ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ጨለማ ቤት ቀርቶ የዛፍ ጥላ እንኳ አልነበረም። ሽመላዎች ዝቅ ብለው በላዩ ሲያልፉ ፍላሹ በጠራራው ፀሐይ ብልጭ አለ።

ሲያየኝ ደስ ብሎት ተነሣ።

«ነይ፣ ነይ እዪ!»

ሁለት ፎቶ አሳየኝ። በመጀመሪያው ሽመላዋ ከሰል መስላለች። በሁለተኛው የሆዷ ንጣት፣ የእግሯ ቅላት፣ የክንፏ ላባ አንድ በአንድ ይታያል።

«ፀሐይዋ ከላይ ስለሆነች ሆዳቸው ይጨልማል። ፍላሹ ከታች ያበራልኛል» አለ። «አንቺን ግን ምን አመጣሽ?»

«እጅ ከፍንጅ ልይዝህ ነዋ!»

«ምን ስሠራ?»

ወደ ሳሚያ አየሁ። ገባው። ሊስቅ ሲል፣

«ለሙህዲን እሺ ብያለሁ» አልኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሌሎች ሽመላዎች በላያችን አለፉ፤ ካሜራውን አላነሳም።

«ወላሂ፣ የፊታችን እሑድ ሰው ልልክ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«መች ነገርከኝ?»

«አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ሳሚያ መጥታ ከትከሻው ላይ ጭቃ አራገፈችለት። ጥፋቱ የኔ ሆኖ፣ ያኔም ቀናሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ የአስር ሶላት ሰግደው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የሙህዲንን ነገር አፍርሱልኝ።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ኢንተላኮ። ምን ብዬ?»

«ልጄ ቀንታ ነው የተናገረችው በሏቸው።»

«ያ አላህ! እንዲህ ተብሎ ይነገራል? በማን ነው የቀናሽው?»

«በኸይረዲን።»

«እሱስ ሰው ይልካል?»

«አላውቅም። ተቆጥቶ ነው የተለየኝ።»

«ባይልክስ?»

«ባይልክም፣ ልቤ ሌላ ጋ ሆኖ የሰው ቤት አልገባም።»

 ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁ። እኔ ባጠፋሁት አባቴ ሲያፍሩ ማየት ከቅናቱ ይብስ ነበር።

ኸይረዲን ሁለት ወር አኮረፈኝ። ሰርግ ላይ እንኳ ሰላምታችን ከ«አካም» አያልፍም። ሳሚያ ጥናቷን ጨርሳ ስትመለስ አብሯት ይሄዳል ብዬ ፈራሁ፤ አልሄደም። በሦስተኛው ወር የእሱ ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ።

ከኒካሁ በኋላ ጠየቅኩት።

«የሙህዲን ነገር መፍረሱን በሳምንቱ ሰምተሃል። ለምን ይህን ያህል አስጠበቅከኝ?»

ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣

«የቀናሽው አንቺ ብቻ መሰለሽ?» አለኝ። «ለሌላ ሰው ‹እሺ› ማለትሽ ከልቤ እስኪወጣልኝ ነው።»