የፔድራ ሙዳ እርሾ

ጠርሙሱ በከረጢቱ ውስጥ ከብርቱካኖቹ ሥር ነበር። ክሎቪስ ከረጢቱን በእግሮቹ መሀል አስቀምጦ የሸንኮራ ጭማቂውን ይጠጣል። የአውቶቡስ ተራው ገበያ ይተራመሳል። ከሚቃጠለው የአገዳ ማሳ የመጣው ጥላሸት በሻጩ ሸራ ላይ፣ በሰዉ ትከሻ ላይ፣ በታፒዮካ ቂጣው መጥበሻ ላይ ይዘንባል። ማንም ቀና ብሎ አያይም።

አንዲት ደልደል ያለች ሴት አረንጓዴ ቦርሳ አንግታ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጭማቂው ሎሚ አለው?» አለች ወደ እሱ ሳትዞር።

«ሎሚ ጥርስ ይጎዳል። አናናስ ይሻላል።»

«ለእኔ ባዶውን ይሁንልኝ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። አንዲትም አልጎደለችም። ክሎቪስ ከረጢቱን በእግሩ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ክሎቪስ እውነተኛ ስሙ አይደለም። የሚሠራበት የስለላ መሥሪያ ቤት በዚህ ስም የጋን ቤት ሠራተኛ አድርጎ ፔድራ ሙዳ ስኳር ፋብሪካ አስገብቶታል። ድፍድፍ ያማስላል፣ ጋን ያጥባል፣ ከዘበኞች ጋር ይቀልዳል። የተላከው ለዶክተር ማርሉሴ ነው። ማርሉሴ ተጨምቆ የሚጣለውን የአገዳ ገለባ ወደ ነዳጅ የሚቀይር እርሾ ሠርታለች። ባለ ፋብሪካው «በእኔ ጋኖች ይሞከር» ብሎ ጋበዛት፤ ከገባች በኋላ ግን በሩ ላይ ጠመንጃ አቆመባት። ሴትዮዋንና እርሾዋን ማውጣት የክሎቪስ ሥራ ነው። «መጀመሪያ እርሾው ይውጣ፤ ሴትዮዋን ነገ» ብሎታል አለቃው።

ሴትዮዋ እጇን ከረጢቱ ውስጥ ሰደደች። ጠርሙሱን ዳበሰችው። ክዳኑ ላላ ብሎ አገኘችው።

ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«እንዳይፈስ ነው» አለችና ፈገግ አለች።

ክሎቪስ ክው አለ።

ሕያው እርሾ ይተነፍሳል። አፍነህ ከዘጋኸው ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ድፍድፍ የነካ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ትመጣለች የተባለችው ደግሞ ዕድሜዋን በእርሾ ቤተ ሙከራ የፈጀች የማርሉሴ ባልደረባ ነበረች። ይቺ ያቺ አይደለችም።

የይለፍ ቃሉን ከባልደረባዋ ሌላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ እሱ ነው። ሌላው አለቃው አዴልሞ፣ የምስጢር ስሙ «አበልጅ» የሆነው። የወጣለት በቀልድ አልነበረም፤ የክሎቪስን ልጅ ጃሲያራን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። አይሆንም አለ ክሎቪስ በልቡ። ባልደረባዋን ስቃይ አሳይተው አውጣጥተዋት ይሆናል። እንዲህ ብሎ ራሱን ለማጽናናት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ሴትዮዋ ጠርሙሱን አረንጓዴው ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነስታ ሄደች። ተከተላት።

ከሥጋ ተራው ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ ታጠፈች። ስልኳን አውጥታ ስትጽፍ ደረሰባት። ክንዷን ያዘ።

ቢላው ከየት እንደመጣ አላየም።

ግራ ክንዱን ከክርኑ እስከ አንጓው ተረተረችው። ደሙ ጫማው ላይ ተንዠቀዠቀ። እጇን ጠምዝዞ ሰበረው፤ ድምፁ ደረቅ አገዳ ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ቢላው ወደቀ። እሷ ግን አልጮኸችም። አንገቱን ነከሰችው። ከግንቡ ጋር አላተማት፤ ተንሸራታ ተቀመጠች።

«እውነተኛዋ የታለች?»

«ወንዝ ወርዳለች» አለች እየሳቀች። ጥርሶቿ በደሙ ቀልተዋል። «ዓሣ ትጠብቃለች።»

«ዶክተር ማርሉሴስ?»

«ሞኝ ነህ መሰል። እርሾውን የገዙት ሰዎች ብቻቸውን ሊይዙት ነው የገዙት። ዳግመኛ ልትሠራው የምትችል ሴት በሕይወት ምን ትሠራላቸዋለች?»

በደህናው እጇ ወደ ቢላው ተወረወረች። ቀድሟት አነሳው። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

ስልኩ መሬት ላይ እንደበራ ነበር። «እቃው እጄ ገብቷል» ይላል የላከችው። መልሱ ከሥሩ ነው። «ጎሽ። በአሮጌው ማደያ እጠብቅሻለሁ። ስለ ሴትዮዋ ለኤሮኒልዶ ነግሬዋለሁ። ጋን ውስጥ ትቀራለች።»

ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። አዴልሞ በጃሲያራ የልደት ቀን የሚደውልበት ቁጥር ነው።

ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣ። ክዳኑን ሲያላላው እስስስ አለ። ክንዱን በሸሚዙ ጠፍሮ ሞተር ሳይክሉን አስነሳ። ማርሉሴን ለማትረፍ ከኤሮኒልዶ መፍጠን አለበት፤ ኤሮኒልዶ ደግሞ የጋን ቤቱ ካቦ ነው፤ እዚያው ከጎኗ ነው ያለው።

የጋን ቤቱ ሰው ምሳ ላይ ነበር። ጋኖቹ የፎቅ ያህል ቁመት ያላቸው ብረት ናቸው። አንደኛው ተጠንፍፏል። ድፍድፉ ሲፈላ የሚተፋው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፈሳሹ ቢወጣም እሱ ከሥር ተኝቶ ይቀራል። አይታይም። ሁለቴ የተነፈሰው ሰው ይወድቃል። ጋን አጣቢ እንዲህ ሲሞት ሰዉ ያዝናል እንጂ አይጠይቅም።

ክሎቪስ በብረት ደረጃው ወጣ።

ኤሮኒልዶ የጋኑ አፍ ላይ ቆሟል። ከክሎቪስ ጋር ከአንድ የምሳ ዕቃ ይበላሉ። አሁን በአንድ እጁ ሽጉጥ ይዟል። በቦት ጫማው ደግሞ የሰው ጣቶች ረግጧል። ጣቶቹ የውስጠኛውን መሰላል ጫፍ ይዘው ቀርተዋል።

«መጣህ እንዴ ቀጮ? ምሳ አላለቀም፤ ሂድ ብላ።»

«ዶክተሯ የታለች?»

«ጋን እያየች ነው። የተማረ ሰው ሁሉንም በዓይኔ ካላየሁ ይላል።» ጫማውን ጫን አደረገው። ከጋኑ ውስጥ የታፈነ ጩኸት ወጣ። «ማቀዝቀዣዋን አጽድቼላታለሁ። አንዲት ጠብታ እርሾ አልቀረችም። አሁን ሂድ፤ እኔና አንተ ክፉ ተነጋግረን አናውቅም።»

ክሎቪስ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አሳየው።

ኤሮኒልዶ ፈዞ ቀረ።

«እሱ አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

«የቀረው ይኸው ብቻ ነው። ከተሰበረ አበልጅ ምን የሚልህ ይመስልሃል?»

«ቀስ ብለህ አስቀምጠው። ቀጮ፣ አትጃጃል።»

ጣቶቹ ለቀቁ። ከጋኑ ሥር ድምፅ ተሰማ።

ክሎቪስ ጠርሙሱን ሽቅብ ወረወረው።

ኤሮኒልዶ ተኮሰ፤ ዓይኑ ግን ጠርሙሱን ነበር የተከተለው። ጥይቱ የክሎቪስን ጆሮ ቆርጦ አለፈ። ኤሮኒልዶ ሽጉጡን ጥሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ኋላ ተንጠራራ። ክሎቪስ በሙሉ ክብደቱ ደረቱ ላይ ወደቀበት። ጠርሙሱ ብረቱ ላይ ተፈረካከሰ። ሰውዬው የጋኑን አፍ አልፎ በጀርባው ወደ ውስጥ ሄደ።

ክሎቪስ ሽጉጡን አነሳ። በደረጃው ወረደ ማለት አይቻልም፤ ተንከባለለ። ከጋኑ እግር አጠገብ መውጫ መስኮት አለ። ብሎኖቹን በመፍቻ መታቸው። የመጀመሪያው ተፈታ። ሁለተኛው ዝጎ አልፈታ አለ። እያለቀሰ ነበር፤ ማልቀሱን አላወቀም። መስኮቱ ሲከፈት ጋዙ እግሩ ሥር ወጣ፤ ጎምዛዛ ሽታው አፍንጫውን ሰነጠቀው። ትንፋሹን ይዞ እጁን ሰደደ። የያዘው ቁርጭምጭሚት ቀጭን ነበር። ጎተተ።

የኤሮኒልዶ አንገት ወደማይዞርበት ዞሯል። ክሎቪስ አየውና ፊቱን መለሰ። ሰውየውን ይወደው ነበር።

ማርሉሴ ከንፈሯ ጠቁሯል። ደረቷን ተጫናት። ደጋግሞ ተጫናት። በመጨረሻ ሳለች።

በፋብሪካው ፒካፕ ላይ ጭኗት በሩ ላይ ሲደርስ ዘበኛው ጠመንጃውን አነሳ።

«ጋን አፍኗት ነው!» ጮኸ ክሎቪስ። «ሐኪም ቤት ላድርሳት!»

ዘበኛው ወንድሙን ጋን ውስጥ ያጣ ሰው ነው። አማተበና በሩን ከፈተ። ሊገድሏት ያዘጋጁት ሰበብ አወጣት።

አስፋልቱ ላይ ስትደርስ አስመለሳት። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«እርሾዬስ?»

«ተሰብሯል ዶክተር። እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

የተጨፈለቁ ጣቶቿን ጉያዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ጭንቅላትዎ አለ» አለ።

«እሱም ሊፈርጥ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እንደገና ይሠራል። ረጅም ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሠራል።»

ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ አንድ ነው። አሮጌው ማደያ መንገዱ ላይ ነው።

አዴልሞ ከተነቀሉት ፓምፖች አጠገብ ቆሞ ነበር። ነጭ ሸሚዙ በካውያ ተተኩሷል። ፒካፑን ሲያይ እጁን ለሰላምታ አነሳ፤ ማን እንደሚነዳው ሲያይ አወረደው።

ክሎቪስ የኤሮኒልዶን ሽጉጥ ከታፋው ጀርባ ይዞ ወረደ።

«አበልጄ» አለ አዴልሞ። «ጆሮህ ምን ሆነ?»

«ለምን?»

«አንተን እንዳይነኩ ተናግሬ ነበር። በልጄ በጃሲያራ እምላለሁ።»

«የእሷን ስም አትጥራ።»

«ታማኝ ነበርኩ፣ ታውቃለህ። ሰውነቴ እስኪያልቅ። ምን አገኘሁ?» ዓይኑ ክሎቪስን አልፎ ፒካፑ ውስጥ ገባ። ማርሉሴ መቀመጫው ላይ ቀና ብላለች። የአዴልሞ ፊት አመድ መሰለ። «በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«እሷ ካለች እኔ የለሁም። እነዚያ ሰዎች ቀልድ አያውቁም።»

«እጅህን አሳየኝ አበልጄ።»

አላሳየውም።

የመጀመሪያው ጥይት የፒካፑን መስታወት በተነው። ማርሉሴ ወደ ወለሉ ወደቀች። ሁለተኛውን ለማነጣጠር አንድ እርምጃ ቀረበ። ክሎቪስን አላየውም፤ እሷን ብቻ ነበር የሚያየው። አበልጄ አይተኩስብኝም ብሎ ይሆናል።

ክሎቪስ ተኮሰ።

አዴልሞ ተንበረከከ። ነጩን ሸሚዝ ተመለከተ፤ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ክሎቪስ አጠገቡ ተቀምጦ ራሱን ደገፈለት። እስኪያልፍ ድረስ አልተወውም።

ሬሲፌ ከተማ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ጉዳዩን በአጭሩ ጨረሰችው።

«ዶክተሯ በሌላ ስም ሌላ ቤተ ሙከራ ትገባለች። ገዢዎቹ እንደነቃንባቸው ማወቅ የለባቸውም። ስለዚህ አዴልሞ በሥራ ላይ ተሠዋ፤ በክብር ይቀበራል።»

«እኔስ?»

«አንተ እዚያ አልነበርክም። ከአሁን ወዲያ የትም የለህም። ይፈልጉሃል፤ ቤትህ አካባቢ እንዳትታይ።»

አንድ የስልክ ጥሪ ፈቀደችለት። ጃሲያራ ገና እንደደወለ አነሳችው። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ጎርንኖ ነበር።

«አባዬ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ሳጥኑን ከፊት ሆኖ የሚሸከመው አባቴ ነው ብያለሁ። ትመጣለህ አይደል?»

«አልችልም ልጄ።»

ስትተነፍስ ይሰማዋል።

«ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ሥራህን አውቃለሁ። ግን ያንን ሰውዬ ታገኘዋለህ። ክርስትና አባቴን የገደለውን። እጅህ ሳይገባ ቤት እንዳትመጣ። ቃል ግባልኝ።»

ክሎቪስ የታሸገ ክንዱን ተመለከተ።

«ቃሌ ነው» አላት።

ከዚያ ወደ ደቡብ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። በማያውቀው ከተማ አገዳ ቆራጮች ለሥራ ተሰልፈው አገኘና ከኋላቸው ቆመ። ተራው ሲደርስ ቀጣሪው ስሙን ጠየቀው። አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ፤ ቆንጨራ ሰጡትና ከሌሎቹ ጋር መኪናው ላይ ወጣ።