ጠመኔ ያልነካው መዳፍ

የክብደት ማንሳት ሻምፒዮኑ ባድሩ ሐይቅ ከተማ፣ ክለቡ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተንጋሏል፤ ብረቱ አንገቱ ላይ ነው። ጠዋት በሩን የከፈተው አሰልጣኙ እንየው ብረቱን አነሳ፣ ሬሳውን መሬት አወረደ፣ ከዚያ ፖሊስ ጠራ።

ኢንስፔክተር ጸዳለ ከደሴ ስትደርስ ሙአዊያ ታስሯል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከባድሩ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ የኖረ ነው። ቀንቶ ገደለው አሏት የከተማው ፖሊሶች። ቀብሩ ከአስር ሶላት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሌላ ሰው ካልተገኘ ሙአዊያ ደሴ ይወሰዳል።

ሬሳውን አየች። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። መዳፉ ንጹሕ ነው።

እንየው ሊያናግራት አልፈለገም። የተፈጨ ጠመኔ መዳፉን ሳይቀባ ባድሩ ብረት ነክቶ እንደማያውቅ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ እንዳገኘውም ግን ነገራት።

«ወንበሩስ?»

«የኔ መቀመጫ ነው።»

«እዚያ ላይ እንዳገኘኸው ለማን ተናገርክ?»

«ላንቺ። እነሱ መች ጠየቁኝ? ሬሳውን መሬት ላይ አዩት፣ ልጁን አሰሩ።»

ሙአዊያን ጠየቀችው። እንደነገራት፣ በጦርነቱ የራሱ አባት የተደበቀበትን ቤት ሰው ለታጣቂዎች ጠቁሞ አስገድሎታል። ማን እንደሆነ ሁለት ዓመት ሲጠይቅ የሚነግረው አጣ።

«ባድሩን ጠልተኸው ነበር?»

«በጣም። ግን የምገድለው ከሆነ መድረክ ላይ ነበር።»

የሟች ሚስት ኢንሳፍ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው ያናገረቻት። ባድሩ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ድንጋይ እየተሸከመ የጀመረ ሰው ነው፤ ሜዳሊያዎቹን ሁሉ ለእሷ እናት ሰጥቷል። ሌላ ነገር ስትጠየቅ ዘጋችባት።

የባድሩ ታላቅ ወንድም ኢስሃቅ ውጫሌ ከተማ ይነግዳል። ትናንት ከሱቁ ንቅንቅ እንዳላለ፣ መርዶውን ሰምቶ ጠዋት እንደመጣ ተናገረ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር።

«ጀናዛ ሳይቀበር ታቆሚያለሽ? ተኝቶ ሲገፋ ወደቀበት፣ አለቀ!»

ጸዳለ ቃሉን ጻፈችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱንም ክለቡ ሰበሰበቻቸው። ኢስሃቅ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ብሎ ተወው።

«ባድሩ እንዴት ነበር የሚያነሳው? አሳዩኝ።»

እንየው ጎንበስ ብሎ ከመሬት እስከ አናቱ በላይ እጁን ዘረጋ። ሙአዊያ ካቴናው እንዳለ እንደዚያው አደረገ። ኢንሳፍም አደረገች።

«እርስዎስ?»

ኢስሃቅ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«እርስዎማ ነግረውኛል፤ ተኝቶ ሲገፋ ብለው። ክብደት የሚያነሳ ሰው ቆሞ ነው የሚያነሳው። እዚህ ቤት ለመተኛት የሚሆን ወንበር እንኳን የለም፣ የአሰልጣኙ መቀመጫ ነው። ጠመኔም አልነካም፤ ስለዚህ ብረት አልያዘም። ከኋላ መቱት፣ እዚህ አስተኙት፣ ብረቱን አንገቱ ላይ ጫኑበት። ገዳዩ ከእንየውና ከሙአዊያ አንዱ ቢሆን፣ አነሳሱን ስለሚያውቅ መድረኩ ላይ ነበር የሚጥለው። መተኛቱን ደግሞ ከእንየውና ከኔ በቀር የሚያውቅ ገዳዩ ነው።»

«ሰው የሚያወራውን ነው ያወራሁት።»

«ከተማው ሙአዊያ ገደለው ነው የሚለው፤ ተኝቶ ያለ የለም። ስንቴ ሲወዳደር አዩት?»

ኢንሳፍ መለሰችለት።

«አንዴም። ድንጋይ ተሸካሚ ነበር የሚለው። ሻምፒዮን ሆኖ እንኳን አንድ ቀን በዚህ በር አልገባም።» ወደ ሙአዊያ ዞረች። «አባትህን የጠቆመው ኢስሃቅ ነው። ባድሩ አይቷል። ሰኞ ሊነግርህ ነበር። መጀመሪያ ለወንድሜ ልንገረው ብሎ ትናንት ማታ እዚህ ጠራው። እኔም ልጆቼን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«የእናቱን ልጅ ለባዳ አሳልፎ ሊሰጥ?» አለ ኢስሃቅ።

ካቴናው ከሙአዊያ እጅ ወደ እሱ ዞረ።

ከአስር በኋላ ሬሳው ወጣ። ሻምፒዮን ከባድ ነው፤ ተሸካሚዎቹን አቃታቸው። እንየው ሙአዊያን ግባና ተሸከም አለው።

«ሁለት ዓመት እያወቀ አብሮኝ ሠርቷል» አለ ሙአዊያ። «አላነሳውም።»

እስከ ቀብሩ ግን ከኋላ ከኋላ ሄደ።