ሁለት ራይት ያለባቸው ወረቀቶች

«እነዚህን ከደጋፊዎቹ ጋር ደምሪያቸው» አሉ የሥነ ዜጋ መምህሩ፣ አሥራ ዘጠኝ ወረቀቶችን በእስክሪብቶ ጫፍ ወደ እሷ እየገፉ።

ቃሪያ እጇን አልዘረጋችም። ቃሪያ ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በትንሽ ነገር ስለምትፋጅ። ስሙ ከቤት ተከትሏት ትምህርት ቤት ከገባ ቆይቷል፤ መምህራኑም ሳይቀሩ ለምደውታል።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለው መሻገሪያ ላይ የትራፊክ ካሜራ ሊተከል ነው። የእሷ ክፍል ተማሪዎች በሰፈሩ እየዞሩ የሰውን አስተያየት እንዲሰበስቡ ታዘዙ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ «እደግፋለሁ» እና «አልደግፍም»። ከስልሳ ሰዎች ሠላሳ አራቱ ደገፉ፣ ሰባቱ ተቃወሙ፣ አሥራ ዘጠኙ ግን ሁለቱም ላይ ራይት አደረጉ። ውጤቱን ዛሬ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ባሉበት፣ መድረክ ላይ ቆማ የምታነበው ቃሪያ ናት።

«ቲቸር፣ ተሳስተው እኮ አይደለም። ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ሁለት ባላ መትከል ነው የኔ ልጅ። መወሰን ያቃተው ሰው እንዲህ ያደርጋል።»

ቃሪያን አናደዳት። ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ የሆነችው ፀጉር ሠሪ መወሰን አላቃታትም። የካሜራው ምሰሶ የሚቆመው ከሱቋ በር ፊት ለፊት ነው። «የመኪኖቹን ፍጥነት ይያዝልኝ» ብላት ነበር፣ «አምና ሞተር ሲገጭሽ ከአስፋልት ያነሳሁሽ እኔ አይደለሁም? ግን ደንበኞቼ ሻሻቸውን የሚፈቱት እኔን አምነው ነው። ማን ቁጭ ብሎ እንደሚያያቸው ሳይነገረኝ እንዴት እሺ ልበል?» የታክሲ ሹፌሩም ቢሆን ነገሩን አላድበሰበሰም። «ቀይ መብራት ስጥስ ይቅጣኝ። ማንን አሳፍሬ የት እንደሄድኩ ግን ምን አገባው?»

ቃሪያ ራሷ ካሜራውን አጥብቃ ትፈልገዋለች። የገጫት ሞተረኛ እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ ግራ እግሯም ዛሬም ያነክሳል።

«ታዲያ ሦስተኛ መስመር እንጨምርላቸው» አለች። «ይተከል፤ ግን መንገዱን ብቻ ይይ፣ ማን እንደሚያየውም ይነገረን።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኃላፊው የሚፈልጉት ቁጥር ነው። ሰፈሩ ተከፋፍሏል ካሉ ካሜራውን ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ነገ ሌላ ልጅ ቢገጭስ?»

ይህ አስፈራት። ማታ ማታ እሷም የምታስበው ይህንኑ ነበር። ወረቀቶቹን ለመደመር እጇ ተንቀሳቀሰ።

«ደግሞ» አሉ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺን የመረጥንሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወላጆች አንቺን ሲያዩ አይከራከሩም።»

አንቺን ይበሉ እንጂ እግርሽን ማለታቸው ነው። ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ወዲያው ግን እፍረቱ ንዴት ሆነ። ለንባቧ የተመረጠች መስሏት ሦስት ቀን ሙሉ ስትለማመድ ከርማለች።

እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና በምታነበው የውጤት ወረቀት ላይ ከሁለቱ ቁጥሮች ሥር ጻፈች፦ «ይተከል፣ ግን ጥያቄ አለን፦ አሥራ ዘጠኝ።»

«ቃሪያ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ ሌላ ተማሪ እተካለሁ።»

«ይተኩ ቲቸር። የሚያነበው ቁጥር ግን ይሄው ነው። ሌላ ቁጥር ከተነበበ ከወላጆች መሃል እጄን አወጣለሁ።»

«በይ፣ አንቺው አንብቢው» አሉ መምህሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና በሩን በአገጫቸው አመለከቷት።

አዳራሹ ሞልቷል። ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ኃላፊው ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዲት እናት ቃሪያ ስታነክስ አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ቃሪያ መድረኩ ላይ ወጥታ ድምፅ ማጉያውን ከመቆሚያው ነቀለች። ከዚያም ጨርቁ እስከ ወለሉ ከሚደርሰው ጠረጴዛ ጀርባ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እግሯንም ሥሩ አስገባች፣ ወረቀቱንም ዘረጋች።