የስልሳ አንድ ሴቶች ሳጥን

ፀደንያ የሞተችው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ የፕላስቲክ ዕቃ መደብር ውስጥ፣ ወደ ፎቅ በሚያወጣው ጠባብ የሲሚንቶ ደረጃ ሥር ነው። ሬሳዋን ያገኙት መግሪብ ሰግደው የተመለሱት የመደብሩ ባለቤት ጋሼ ሙናዊር ናቸው። ኢንስፔክተር ካሚላ ስትደርስ ልጅቷ በጀርባዋ ተንጋላ ነበር። ቦርሳዋ ከትከሻዋ አልወረደም፤ የመነጽሯ አንዱ መስታወት ግን ተሰብሮ ክፈፉ ጉንጯ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ተንሸራታ ነው» አለ ሳጅን ይገረም። «ደረጃውን እዪው፤ በቀንም ይጥላል። አደጋ ብለን እንዝጋው።»

«የመስታወቱ ስባሪ የታለ?»

ሳጅኑ በባትሪ መብራት ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ። አንዲት ቅንጣት አላገኘም።

«ስባሪው ሳይገኝ የሚዘጋ ነገር የለም» አለች ካሚላ። መርካቶ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እዚህ ሰፈር ሴት ስትሞት «አደጋ» የምትለው ቃል እንዴት ፈጥና እንደምትመጣ ታውቃለች። ያቺን ቃል በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ፀደንያ ፎቅ ላይ ለሥራዋ የተከራየችው ክፍል ቡጢ በሚያክል ጓጉንቸር ተቆልፏል። ቁልፉ ከቦርሳዋ ተገኘ። ውስጡ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ምንጣፍ አለ። ግድግዳው ላይ ፀደንያ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠውን የመነሻ የገንዘብ ድጋፍ እንዳሸነፈች የሚገልጽ ደብዳቤ ተለጥፏል፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው ክኒን ለማን እንደሚደርስ፣ ማንን እንደሚዘል እንድታጠና። ካሚላ ተንበርክካ ከጠረጴዛው እግር ሥር የጥፍር ያህል የመስታወት ስባሪ አወጣች። መደርደሪያው ላይ ደግሞ አቧራው መካከል ሳጥን የተቀመጠበት ንጹሕ ቦታ አየች። ሳጥኑ የለም።

ስትወጣ ጓጉንቸሩን እጇ ላይ አገላበጠችው። ማንጠልጠያው ዝጎ አቧራ ለብሷል፤ ጓጉንቸሩ ግን ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ቁልፍ መግቢያው ውስጥ ጥቁር ነገር ደርቋል።

«ላብራቶሪ ይሂድ» አለች።

እሁድ ጠዋት በተዘጋው መደብር ውስጥ፣ በባልዲና በጀሪካን ክምር መካከል፣ አንድ በአንድ ጠየቀች።

«እኔ መስጊድ የሄድኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የጎን በሩን ክፍት ትቼ» አሉ ጋሼ ሙናዊር። «ልጄ፣ ከዚያ በፊት የወጣችው ወለል የምታጸዳላት ሙሉዬ ብቻ ናት፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ። እሷ ከሄደች በኋላ ፀደንያ ከደረጃው ላይ አጎንብሳ ሰላም ብላኛለች።»

ኪያ የፀደንያ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር። ለዚያው ድጋፍ አመልክቶ ተሸንፏል።

«ቀንተህባት ነበር?»

«አዎ» አለ ዓይኑን ሳይሰብር። «አንድ ወር አላናገርኳትም። ሐሙስ ራሷ ደወለችልኝ። ‹የዶክተር መስፍን ሴቶች የሉም› አለችኝ።»

«የሉም ማለት?»

«ዶክተር መስፍን የሁለታችንም አማካሪ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አራት መቶ የመርካቶ ሴቶች ጠይቄ አብዛኞቹ ክኒኑን ያገኛሉ ብሎ ጽፏል። በሱ ጽሑፍ የተነሳ ‹እዚያ ተዳርሷል› ተብሎ ክኒኑን የማደል ሥራው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። እሷ በርበሬ ተራ ገብታ ስትጠይቅ፣ አንድም ሴት ማንም አልጠየቀኝም፣ ክኒኑንም ሰምቼው አላውቅም አለቻት። ዛሬ ነገ ሳትል ሰኞ በመጀመሪያ ሪፖርቷ ልታወጣው ነበር።»

ዶክተር መስፍን ጥቁር ኮት ለብሶ መጣ። መሐረቡን ዓይኑ ላይ አደረገ።

«እንደ ልጄ ነበረች።»

«መቼ ነው መጨረሻ ያነጋገሯት?»

«ሐሙስ፣ በስልክ። እዚህ ሰፈር ከመጣሁ ግን ወር አልፎኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምክር ከወሰዱኝ ያቺን ሙሉዬ የሚሏትን ሴት ይያዙ። እሷም ከተጠኚዎቹ አንዷ ናት። ምስጢሬ ይወጣብኛል ብላ ሰግታ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ ሴቶች ሲፈሩ የሚያደርጉትን አያውቁም።»

«እንዲህ ያሉ» የምትለዋ ቃል ካሚላ ደረት ውስጥ እንደ ፍም ተቀመጠች። አክስቷ ማሂራ በኤድስ ስትሞት ጎረቤት የጠጣችበትን ብርጭቆ ሲሰብር በልጅነት ዓይኗ አይታለች። ማስታወሻዋን አወጣችና ያለውን እንዳለ ጻፈችው።

ሙሉዬ በርበሬ ተራ በርበሬ ስትቀነጥስ የምትውል፣ አርባን ያለፈች ሴት ናት። ጣቶቿ ቀልተዋል።

«እትዬ ሙሉዬ፣ እርስዎም ከተጠየቁት ሴቶች አንዷ ነዎት?»

ሴትዮዋ ፊቷ አመድ መሰለ። «ማን ነገረሽ? ለማንም አልተናገርኩም! ባሌ ቢሰማ ይገድለኛል።» ግራ ቀኝ አየችና ከመቀነቷ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ስድስት ወር ሙሉ ሌሎቹን እያመጣሁላት እኔ እሸሻት ነበር። ቅዳሜ ነው እሺ ያልኳት። የመጨረሻዋ ነሽ፣ ስልሳ አንደኛ ነሽ አለችኝ። ይኸው ያንቺ ቅጂ ብላ ሰጠችኝ።»

የፈቃድ ቅጹ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ በፀደንያ እጅ የተጻፈ ቀንና ሰዓትም፦ ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር።

ሰኞ ጠዋት ካሚላ አራቱንም መደብሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፀደንያ ከደረጃ አልወደቀችም» ብላ ጀመረች። «መነጽሯ የተሰበረው ፎቅ ላይ ነው። በጓጉንቸሩ ሁለት ጊዜ ተመታች፤ የላብራቶሪው ውጤት ቁልፍ መግቢያው ውስጥ የደረቀው ደሟ መሆኑን ነግሮናል። ገዳዩ ወደ ደረጃው ጣላት፣ ሳጥኗን ወሰደ፣ የገደለበትን ጓጉንቸር ወልውሎ በሩን ቆለፈበት፤ ቁልፉንም ቦርሳዋ ውስጥ መለሰ። ዶክተር፣ የተጠኚዎቹን ስም እርስዎ ያውቃሉ?»

«በፍጹም» አለ ዶክተር መስፍን ቀና ብሎ። «የሥራችን ሥነ ምግባር አይፈቅድም። ስሞቹን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፈው ነው የሚቀመጡት።»

«ታዲያ ትናንት ከተጠኚዎቹ አንዷን በስሟ የጠሩልኝ ከየት አምጥተው ነው?»

ዶክተሩ መሐረቡን ከኪሱ አወጣ።

«ያቺ ሴት ጥናቱ ውስጥ የገባችው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ጋሼ ሙናዊርም፣ ኪያም የሚያውቋት በሌላ ሥራዋ ነው።» ካሚላ ስሙን ሳትጠራ፣ ወደ ሙሉዬም ሳታይ ተናገረች። «ፀደንያ ነግራኝ ነው እንዳይሉ፣ ከሐሙስ በኋላ በስልክ አልተገናኛችሁም፤ መዝገቡ እጄ ላይ ነው። መልእክትም የለም። ያ ስም የተጻፈው ሳጥኑ ውስጥ ባለው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ያንን ያነበበ ሰው፣ ልጅቷን የገደለው ሰው ነው።»

«ይሄ ግምት ነው!»

በሩ ተከፈተ። ሳጅን ይገረም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የዶክተሩን ቤት ፈትሾ መምጣቱ ነው። እቅፉ ውስጥ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ይዟል። «ጋራዡ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ ከተለዋጭ ጎማው ጀርባ» አለ። ካሚላን ለማየት አፍሮ ነበር።

ኪያ ከመቀመጫው ተነሣ። «ለምን አላቃጠልከውም?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ገድለሃታል፤ ወረቀቱን ለምን አስቀመጥከው?»

«ጥሩ መረጃ ነበር» አለ ዶክተር መስፍን ሳጥኑን እያየ።

ኪያ ዘሎ ኮሌታውን ያዘው። ጋሼ ሙናዊር በሁለት እጃቸው ወገቡን ይዘው ጎተቱት፤ ያለቅሱ ነበር። ካሚላ የዶክተሩን እጆች በካቴና አሰረች። ትናንት እንደ ልጄ ነበረች ያላትን ልጅ ሥራ ያስቀመጠው በስሟ ሳይሆን በራሱ ስም ሊያሳትመው ፈልጎ ነው።

ሰውየው ከተወሰደ በኋላ ሙሉዬ ቀረብ ብላ ሳጥኑን በዓይኗ አመለከተች።

«ልጄ፣ ይሄ ፍርድ ቤት ይቀርባል?»

«ማስረጃ ነው።»

«ስማችን ይነበባል ማለት ነው?»

ካሚላ ስልኳን አንሥታ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ደወለች። ሰውየው በሥርዓቱ መሠረት ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ መቅረብ እንዳለበት ማስረዳት ሲጀምር፣ በሥራ ዘመኗ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ጮኸችበት።

«ስልሳ አንድ ሴቶች ናቸው! አንዲት ልጅ ነበረች የጠበቀቻቸው፤ እሷም ተገደለች። አሁን እኛ በማይክሮፎን እናንብባቸው? ዳኛው ብቻቸውን ይዩት። እርስዎ ጥያቄውን ካልጻፉ ዛሬ እኔ እጽፋለሁ!»

ከወዲያኛው ጫፍ «እሺ፣ በዝግ ችሎት እንዲታይ እጠይቃለሁ» የሚል ድምፅ መጣ።

ካሚላ ሳጥኑን በሙሉዬ ፊት በሰም አሽጋ ፈረመችበት። ይገረም መኪናው ጀርባ ላጭነው ሲል እምቢ አለች። ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ እንደያዘችው፣ በተሸካሚና በታክሲ የተጨናነቀውን መንገድ እየቀዘፉ ወደ ጣቢያ ሄዱ።