ያለ ቁልፍ የሚዘፍነው ቴፕ

ሽማግሌው ሹፌር በአሮጌ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ እንደተጋደመ ሞቶ ተገኘ። ጠዋት ያገኘው የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ቴፑ እየዘፈነ፣ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ። ሐኪሙ የሞተር ጭስ ነው የገደለው አለ። ጭሱ የገባበትም አልጠፋም፤ መቀመጫው ሥር ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አፉን ከፍቷል።

ቀዳዳውን ማን በሳው? የመኪናው የቀድሞ ባለቤት! የቴፕ ሽቦ አሳልፋለሁ ብሎ ወለሉን ቦርቡሮ የሰፈር መሳቂያ ሆኖ ነበር። አሁን ግን እጁ በካቴና ታስሯል፤ የሚስቅም የለም።

መርማሪዋ ብቻዋን የምትኖር፣ ቤቷ ስትገባ ከመብራት በፊት ሬዲዮ የምትከፍት ሴት ናት። ስለዚህ ሽማግሌው ለምን ጋቢና ውስጥ እንደሚያድር የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። ሚስቱ ሞታለች፤ አንድ ልጁ አኩርፎታል፤ ቤቱ ጭር ብሎበታል።

«ገዳዩ አንተ ነህ ይላሉ» አለችው የቀድሞውን ባለቤት።

«እህቴ፣ ሥራዬ ጥርቅምቃሚ ነው፤ አልክድም። ግን ቀዳዳውን በጨርቅ ጠቅጥቄ ነው የሸጥኩለት። ለቴፑም መቀመጫው ሥር ለብቻው ባትሪ አስቀምጬ ነበር። ያለ ሞተር፣ ያለ ቁልፍ ይዘፍን ነበር እኮ!»

መቀመጫው ሥር ጎንበስ ብላ አየች። ጨርቅም ባትሪም የለም። ሽቦዎቹ አዲስ ናቸው፤ እንደ አራስ ልጅ እትብት በጥንቃቄ ታስረዋል።

የሽማግሌው ልጅ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«አባትህን መቼ አየኸው?»

«ከተኳረፍን ቆየን። ይህን መኪና ከገዛ ወዲህ አጠገቡም አልደረስኩም። ይሄ ሰውዬ ግን የእጁን ማግኘት አለበት! አባዬ ምን ያድርግ? ቴፑ ቁልፍ ካልዞረ አይዘፍን!»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መርማሪዋ ወደ ዘበኛው ሄደች፤ ጥቂት አነጋግራው ሦስቱንም መኪናው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«የድሮው ቴፕ ያለ ቁልፍ ነበር የሚዘፍነው» አለች። «ቁልፍ የሚፈልገው ከተጠገነ ወዲህ ነው። አጠገቡ ያልደረሰ ሰው ይህን በምን አወቀ? ጠጋኙ ትርፉን ባትሪ አወጣ፤ ጨርቁንም ቆሻሻ መስሎት ጣለ። የመኪናው ባትሪ ደግሞ፣ ዘበኛው እንደነገረኝ፣ ደካማ ነው። ሽማግሌው ዘፈኑን ለመስማት ሞተር አስነሳ፤ ጭሱ በባዶው ቀዳዳ ገባ። ጠጋኙ ክፋት የለበትም፤ ጥንቃቄ ግን ጎድሎታል።»

ልጁ የጋቢናውን በር ከፍቶ ሽቦዎቹን ነካ። «በሌለበት ነው የመጣሁት» አለ። «ይቅርታ ለማለት አፌ እምቢ ቢለኝ፣ እጄ ይበልልኝ ብዬ። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ልደፍነው እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ወይኔ አባዬ!»

የቀድሞው ባለቤት ካቴናው ሲፈታለት አልተደሰተም። የታሰረበትን እጅ እያሻሸ «እግዜር ያጽናህ» አለው።

«ማን እንደጠገነለት እንኳ ሳያውቅ ሞተ» አለ ልጁ።

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «አውቋል እንጂ። ጠርቶ ሽቦውን አሳየኝ። ‹ይህን አስተሳሰር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ መጥቶ ነበር› አለኝ። ነገ ቤቱ እሄዳለሁ ብሎ ሸሚዙን አጥቦ አሰጣ።»

ሸሚዙ ከመኪናው ጀርባ፣ ገመድ ላይ ደርቋል። ልጁ አወረደው፤ ከዚያ ወዴት እንደሚወስደው ግራ ገብቶት ቆመ።